እሳቱን ለብዙ እጅ፦ የብረታ ብረት ሥራን ለሥነ ጥበብ ሰዎችና ለእጅ ባለሙያዎች ማስተማር

(የመግቢያ ሙዚቃ። ሙዚቃው ዝቅ ሲል የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።)

  ከጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ነው የምናነጋግራችሁ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ብረታ ብረት ሥራ ነው። ሠዓሊዎች፣ ቀራፂዎች፣ ጌጣጌጥ ሠሪዎች፣ እንጨት ጠራቢዎች፣ በጠቅላላው በእጃቸው አንድ ነገር ማበጀት የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው እየሠሩ የሚማሩበትን የተግባር ሥልጠና እንዴት እናዘጋጅ? ማን ያስተምር? ከምን ይጀመር? ሰው ሳይጎዳ፣ ዕቃ ሳይባክን ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ? እነዚህን አንድ በአንድ እናያለን። የምትችሉ ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄዎች አሉን።

በባሕር ዳር በያጅ አይቸግርም። በየሠፈሩ ከላሜራና ከቱቦላሬ በርና መስኮት የሚሠራ ቤት አለ። ሠዓሊም አለ፤ ለቱሪስት የሚሸጥ ጌጥ የሚያበጅ ወጣትም አለ። በያጁና ሠዓሊው ግን ብዙ ጊዜ ሳይማማሩ ይለያያሉ። ሠዓሊው ብረት ሲያሻው ንድፉን ለበያጁ ሰጥቶ ይሄዳል፤ በያጁም የታዘዘውን ሠርቶ ያስረክባል። ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ደግሞ ከሁለቱም ርቆ በገጠር ገበያ ዳር ወናፉን ያናፋል። እሳቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ግን እሱ ነው።

ዋናው ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሙያ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ተዘግቶ ከቆየ፣ እነዚያ ሰዎች ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል። በዚህ በጣና ዙሪያ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ደርሷል። ስለዚህ ሥልጠናው ሲታሰብ፣ ሙያውን ወደ ብዙ እጅ ለማሻገር ተብሎ ይታሰብ።

(አጭር ሙዚቃ)

በታሪኩ እንጀምር።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም ያውቀዋል። በዕቃ ቤቱ መስቀል፣ ዘውድ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ተጠብቆ ይኖራል። በደቅ ደሴት እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። በዳጋ እስጢፋኖስም፣ በክብራን ገብርኤልም እንዲሁ የዘመናት ቅርስ አለ። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ነው። ካህኑ በእጃቸው የያዙትን መስቀል፣ ደብተራው የሚያንሿሿውን ጸናጽል እንደ ሥዕሉ አትኩሮ የሚመለከት ጥቂት ነው። ለእኛ ግን የመጀመሪያው መማሪያ ይህ የብረት ሥራ ነው።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ማየት ይሁን። አንድ የቆየ መስቀል ስታዩ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው? እንደዚያ ከሆነ ጠርዙ ለስለስ ይላል፤ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሁለተኛ፣ ከዝርግ ብረት ተቆርጦ የወጣ ነው? ያን ጊዜ ውፍረቱ እኩል ነው፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የመቁረጫና የሞረድ ምልክት ይገኛል። ሦስተኛ፣ ግሎ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው? በተለይ በጥንታዊ የብረት መስቀሎች ላይ የመዶሻው ዱካ፣ ክንዱ ከግንዱ የተጋጠመበት ቦታም ይታያል። በላዩ የተቀረጸ የቅዱሳን ሥዕል ካለ ደግሞ ከሠሪው ሌላ በመቅረጫ መርፌ የሠራ እጅ ሊኖር ይችላል። በጎንደር ዘመን ከተሠሩት ትልልቅ የመጾር መስቀሎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ቅርጽ አላቸው።

ለዚህ ትምህርት ወደ ገዳማቱ ጉብኝት የምታዘጋጁ አሠልጣኞች አንድ ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ሠልጣኞቻችሁ ሴቶችም ወንዶችም ስለሚሆኑ ሁሉም አብሮ የሚማርበትን ምረጡ። ንዋየ ቅድሳት ለመንካትም ሆነ ፎቶ ለማንሣት ካህናቱን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። የተባረከ መስቀል ለናሙና ተብሎ አይለካም፤ ከተፈቀደ በዓይን ይጠናል፣ በእርሳስ ይነደፋል።

(የመዶሻ ድምፅ፣ ለጥቂት ሴኮንድ)

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?

የሠሩት አንጥረኞችና ቀጥቃጮች ናቸው። ወርቅና ብር የሚያነጥረው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ባለሙያ። ታሪካችን ለእነዚህ ሰዎች ደግ አልነበረም። ገበሬው ማረሻውን ከእነሱ እየገዛ፣ ካህኑ መስቀሉን ከእነሱ እየተቀበለ፣ በሠፈር ግን ጠይብ፣ ቡዳ እየተባሉ ይገለሉ ነበር። ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር። አብሮ መብላትም የሚፈራ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው መስደብ ክልክል እንደሆነ፣ የሰደበውም እንደሚቀጣ አስነግረዋል። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልጠፋም።

መገለሉ በሙያው ላይ ያደረሰውን አስተውሉ። የተገለለ ሰው ሙያውን ለልጁ ብቻ ያስተምራል፤ የውጭ ሰውም ሊማርለት አይመጣም። በጎንደር ዙሪያ፣ ከጣና በስተ ሰሜን፣ ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት ከቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ጋር በጣም የተቆራኘ ሙያ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. እጅግ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲጓዙ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወራረስ የኖረው የእጅ ዕውቀትም አብሯቸው ሄደ። ሰዎቹ ወደሚፈልጉት አገር መሄዳቸው መብታቸው ነው። ጥፋቱ፣ አብረዋቸው ለዘመናት ስንኖር አጠገባቸው ቁጭ ብለን አለመማራችን ነው።

ሌላም ታሪክ አለን፤ እሱም የሚገኘው በሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ላይ የመሣሪያ መሥሪያና የመድፍ ማቅለጫ አቋቋሙ። ለሥራው ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ብዙዎቹ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር ከእነሱ መካከል ናቸው፤ ሞሪትዝ ሃል የተባለው ፖላንዳዊም ነበረበት። ሚሲዮናውያኑ የመጡት ለመድፍ ሥራ አልነበረም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃውና ጭቃው የእሳቱን ኃይል አልቻሉም። እየሞከሩ፣ እያረሙ፣ እንደገና እየሞከሩ መድፍ ማፍሰስ ቻሉ። ከእነሱ ጋር ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ ወጣቶች ንባብና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም በዚያው በጋፋት ነበር። በ1859 ዓ.ም. ግድም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ተጉዞ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ከዚያስ? በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋት እሳትም ጠፋ። አገር ሙሉ የሚያውቀው መድፍ ቀርቶልናል፤ መድፉን ያፈሰሰው ትምህርት ቤት ግን አልቀጠለም።

ከጋፋት የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ብረት ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም፤ ያልከሸፈ ሙከራ የለም፤ አሠልጣኝም ሠልጣኙን ለመክሸፍ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ሁለተኛው፣ ሥልጠና የሚለካው በተሠራው ዕቃ ትልቅነት አይደለም። አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ሥራውን መቀጠል የሚችሉ ስንት እጆች ቀሩ? መለኪያው ይህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ባሕር ዳር ራሷ ለተግባር ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመጀመሪያ ጀምሮ ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ ነው። ከእርሻ መሣሪያ፣ ከእንጨት፣ ከኤሌክትሪክ፣ ከጨርቃ ጨርቅና ከኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ጋር ማለት ነው። ኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የከተማው ሰው ግን ግቢውን ዛሬም ፖሊ ይለዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት ያመጣው ትልቅ ነገር መለኪያ ነው፦ የቴክኒክ ንድፍ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ በሚሊ ሜትር መሥራት፣ ብረቱ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ማስረዳት።

እንግዲህ በአንድ ከተማ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ሊቅ አለን። እሳቱን የሚያውቅ ቀጥቃጭ፣ ቅርጹን የሚያውቅ የሥነ ጥበብ ሰው፣ ምክንያቱን የሚያውቅ የቴክኒክ መምህር። ጥሩ ሥልጠና ሦስቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ትምህርቱ ይጎድላል።

ቀጥቃጩ ሲጋበዝ በመምህርነት ይጋበዝ። ዕቃ አቀባይ፣ እሳት አንዳጅ፣ ለፎቶ የሚቀመጥ ሰው አይሁን። አበሉ ከሌሎቹ አሠልጣኞች እኩል ይሁን፤ ገና ሳይጀመር ይነገረው። ሠልጣኞቹ ጋሼ ብለው፣ አንቱ ብለው ይጠይቁት። በምሣ ሰዓት ከሁሉም ጋር በአንድ መሶብ ይብላ። የምኒልክ አዋጅ በወረቀት ያለውን እኛ በማዕድ ላይ እንፈጽመው። ሙያውን በቪዲዮ መቅረጽ ከተፈለገም በእሱ ፈቃድ ይሁን፤ ዕውቀቱ ንብረቱ ነውና።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ወርክሾፑ እንግባ።

ቦታው ነፋስ የሚገባበት፣ ከላይ ጥላ ያለው ይሁን። ጥላ የሚያስፈልገው ለድካም ብቻ አይደለም። የጋለ ብረት ሙቀት የሚነበበው በቀለሙ ነው፤ በባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ላይ ደግሞ ደብዛዛው ቀይ ጭራሽ አይታይም። ሰው ቀዝቅዟል ብሎ ይነካዋል፤ ወይም አልጋለም ብሎ ያሳርረዋል።

ለአንድ መምህርና ለአንድ ረዳት ከ8 እስከ 10 ሠልጣኝ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ መምህሩ የሁሉንም እጅ ማየት አይችልም። ምድጃው ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ሊሠራ ይችላል፤ ከሥሩ ቱቦ ይገባለታል፤ አየሩ በወናፍ ወይም በትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይሰጣል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ወናፉን እመርጣለሁ። በእጁ አየር የሰጠ ሰው እሳት ሲበረታና ሲላላ ልዩነቱን ቶሎ ይለየዋል። ለመስፍ የሚሆን ወፍራም የብረት ቁራጭ፣ ጉጠቶች፣ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ መዶሻዎች፣ ሞርሳ፣ የብረት መጋዝ፣ ሞረድ ካሉ መጀመር ይቻላል።

የመጀመሪያው ሰዓት የደኅንነት ነው። ይህን ክፍል ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ጻፉት።

አንድ፦ ዓይን። ሲቆረጥ፣ ሲሞረድ፣ ሲቀጠቀጥ የዓይን መከላከያ መነጽር አይወልቅም። የብየዳ ብርሃን ደግሞ በባዶ ዓይን አይታይም፤ አጠገብ ሆኖ የሚመለከተውም መከላከያ ይፈልጋል።

ሁለት፦ ልብስ። የጥጥ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ። ናይሎን ቀልጦ ከቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ አይለበስ። ነጠላና ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ የአንገት ሐብል በግራይንደርና በትራፓኖ አጠገብ አይቅረቡ።

ሦስት፦ ጥቁር ብረት ቀዝቃዛ ብረት አይደለም። ቀይነቱ ከጠፋ በኋላም ብረቱ ገና ብዙ መቶ ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ማንኛውም መሬት ላይ ያለ ብረት እንደ ጋለ ይቆጠር፤ መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀቱን ሞክሩ፤ ከዚያ አንሡ።

አራት፦ ዚንክ። የጣሪያ ቆርቆሮና በዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲግል ወይም ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በ907 ዲግሪ ይተናል። ጢሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳትና የራስ ምታት ይይዘዋል። ብዙ በያጆች ወተት ጠጥተው ይሠራሉ፤ ወተት ግን የሳንባ መከላከያ አይደለም። መፍትሔው እንዲህ ያለውን ብረት እሳት ውስጥ አለማስገባት፣ ግዴታ ከሆነም ሽፋኑን አስወግዶ ነፋስ በሚወስደው ቦታ መሥራት ነው።

አምስት፦ እርሳስ። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን እርሳስ ማቅለጥ በሥልጠናችን ክልክል ነው። ቶሎ ስለሚቀልጥ ያጓጓል፤ መርዙ ግን በልብስና በእጅ ተይዞ ቤት ይገባል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው።

ስድስት፦ እርጥበት። የቀለጠ ብረት እርጥብ ነገር ላይ ከፈሰሰ ውኃው በቅጽበት ከ1 ሺህ እጥፍ በላይ ሰፍቶ እንፋሎት ይሆናል፤ የቀለጠውንም ወደ ሰው ይረጨዋል። ቅርጹ፣ መያዣው፣ ማማሰያው ሁሉ አስቀድሞ ይድረቅ፣ ይሙቅ። የሚፈስበት ወለል ላይ ደረቅ አሸዋ ይኑር።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የመጀመሪያው ሥራ ከዝርግ መዳብ ይሁን። መዳብ ይቅር ባይ ነው። ብዙ ሰው ብር ለመሥራት ይቸኩላል። የጥንት አንጥረኞቻችን ማርትሬዛ የተባለውን የድሮ የብር ገንዘብ እያቀለጡ ጌጥና መስቀል ሠርተዋል፤ አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1 ሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ዛሬ ማርትሬዛ ራሱ ቅርስ ሆኗል፤ ለልምምድ አይቅለጥ።

ሠልጣኙ በወረቀት ላይ አንድ ቅርጽ ይንደፍ፤ መዳቡ ላይ ይለጥፈው፤ በቀጭን መጋዝ ይቁረጠው፤ በሞረድ ጠርዙን ያስተካክለው። ቀጥሎ በመዶሻ ያጎድጉደው። ትንሽ እንደቀጠቀጠው መዳቡ መጠንከሩን፣ መዶሻውን መመለሱን በእጁ ይሰማዋል። አሁን የቴክኒክ መምህሩ ይነሣና ያስረዳ። መዳብ ሲቀጠቀጥ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የክሪስታል ድርድሮች ይዛባሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘው መንሸራተት ያቅታቸዋል፤ ስለዚህ ይጠነክራል። ከዚህ በላይ ከተመታ ይሰነጠቃል። ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ከጋለ ግን ድርድሮቹ እንደ አዲስ ይዋቀራሉ፤ መዳቡም ይላላል። ውኃ ውስጥ ቢነከርም አይጠነክርም። ጥቁሩን ቅርፊት በሎሚና በጨው ማጽዳት ይቻላል፤ ለጀማሪ ከጠንካራ አሲድ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ብረት መቀጥቀጥ ነው፤ መምህሩም ቀጥቃጩ ነው። ከፌሮ ቁራጭ የግድግዳ መስቀያ ይሠራ። ትንሽ ዕቃ ነው፤ ሦስት መሠረታዊ ነገር ያስተምራል፦ ጫፍ ማሹለል፣ ማጠፍ፣ መጠምዘዝ። ብረት በ750 ዲግሪ ገደማ ቀይ ነው፤ ሲጨምር ብርቱካናማ፣ ከ1 ሺህ በላይ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ሆኖ ከዋክብት የመሰለ ፍንጣሪ ከረጨ እየተቃጠለ ነው። ጥሩው የመቀጥቀጫ ጊዜ ከብርቱካናማ እስከ ቢጫ ያለው ነው። ደብዝዞ ሳለ የሚመታ ጀማሪ ክንዱን ያደክማል፤ ብረቱንም ይሰነጥቃል። ብረት እንደ ጋለ ነው የሚመታው፤ ሲደበዝዝ ወደ እሳቱ ይመለስ።

እዚህ ላይ ባለሙያዎቻችን ለቢላና ለማጭድ የመኪና ባሌስትራ ለምን እንደሚመርጡ ይጠየቅ። መልሱ ካርቦን ነው። ፌሮ በአብዛኛው ካርቦኑ ጥቂት ነው፤ ግሎ ቢነከርም ብዙ አይጠነክርም። ባሌስትራ ካርቦኑ ይበዛል፤ ማግኔት መሳቡን እስኪተው፣ ማለትም እስከ 770 ዲግሪ ገደማ ግሎ፣ ትንሽ ጨምሮ፣ ዘይት ውስጥ ሲነከር እጅግ ይጠነክራል። ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ አንደኛው ፊቱ ይጸዳና ገለባ የመሰለ ቢጫ ቀለም እስኪያወጣ እንደገና በቀስታ ይሞቃል። ልብ በሉ፤ የመዳብና የባሌስትራ ጠባይ ተቃራኒ ነው። ቀጥቃጩ ይህን ሁሉ በዓይኑና በጆሮው ያውቀዋል። ሠልጣኙ ከእሱ ዘንድ ማየቱን፣ ከመምህሩ ዘንድ ምክንያቱን ሲቀበል ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ሦስተኛው ሥራ በሰም ማፍሰስ ነው። በማር አገር፣ በጎጃም ምድር፣ ንጹሕ ሰም ማግኘት አይከብድም። ሠልጣኙ የሚፈልገውን ቅርጽ ከሰም ያበጃል፤ የሚፈስበትን መግቢያና አየር የሚወጣበትን ቀዳዳ ያበጅለታል። መጀመሪያ እንደ ዱቄት የላመ ጭቃ በስሱ ይቀባዋል፤ ከጥላ ሥር ይደርቃል፤ ቀጥሎ ጭድ ወይም እበት ያለበት ወፈር ያለ ጭቃ ይደረብበታል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ይሞቃል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶው ቦታ ሸክላው ውስጥ ይቀራል። ያኔ የቀለጠው ብረት ይፈስበታል።

ምን ያህል ብረት ያስፈልጋል? ሒሳቡን ጻፉት። ሰሙን መዝኑ። ለናስ በ9 አባዙት፤ ለብር በ11፤ ለአሉሚንየም በ3። ሰሙ 20 ግራም ከሆነ 180 ግራም ናስ፣ ወይም 60 ግራም አሉሚንየም ይፈልጋል ማለት ነው። ለመግቢያው ጥቂት ጨምሩ። አሉሚንየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀላል። ናስ ውስጥ ዚንክ ስላለ ጢሱን ከላይ እንደነገርኳችሁ ተጠንቀቁ። ጭቃው ሲሰበር ግማሹ ሥራ ጎደሎ ሆኖ ይወጣል። አሠልጣኙ ጎደሎዎቹን አይጣል። ጠረጴዛ ላይ ይደርድርና ሁሉም ይመርምር፦ አየር መውጫ አልነበረውም? ብረቱ ቀዝቅዞ ነው የፈሰሰው? ጭቃው ተሰንጥቋል? ጋፋት ላይም ትምህርቱ የተገኘው ከዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ማስተማር ዘዴም ጥቂት ልበል። እጅ ሥራ ሲታይ ጆሮ ይዘጋል። ስለዚህ ባለሙያው አንድን ሥራ መጀመሪያ ያለ ንግግር ይሥራው፤ ሁለተኛ ጊዜ እያስረዳ ይሥራው፤ ሦስተኛ ጊዜ ሠልጣኙ ይሥራ፣ ባለሙያው ዝም ብሎ ይመልከት። መዶሻውን ከሠልጣኙ እጅ ነጥቆ ማስተካከል የሚያስደስት ቢመስልም ትምህርቱን ይወስድበታል። ሠልጣኙ ሥራውን ጨርሶ ለሌላ ሠልጣኝ ማሳየት ሲችል፣ ያን ጊዜ ተምሯል ይባላል።

ሴቶች ሠልጣኞችን ከጥግ አታስቀምጧቸው። ወናፉም መዶሻውም ለሁሉም በተራ ይድረስ። ዕቃው ከባድ ነው የሚለው ምክንያት ልክ አይደለም፤ ለሰውነት የሚመጥን መዶሻ መምረጥ የአሠልጣኙ ሥራ ነው።

ቅርጹን ደግሞ ከአካባቢያችሁ ፈልጉ። የደንገሉ ዘለላ፣ የታንኳው ቅስት፣ የመስቀሉ ሐረግ፣ የጣና ፔሊካን ክንፍ፣ እነዚህ ሁሉ በብረት ሊነገሩ ይችላሉ። ጥሬ ዕቃውም ሩቅ አይደለም፤ የተጣለ ብረት ይበቃል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት ምድጃና ዕቃ ሲሠራ የኖረበት ሠፈር ነው። ከዞማ ሙዚየም መሥራቾች አንዱ የሆነው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ከሽቦና ከሰሌዳ ዓለም ያወቀው ሥራ ሠርቷል። የተጣለ ብረት በብልኃት ሲመረጥና ሲጸዳ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።

ከሥልጠናው በኋላ የሚሆነውን ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ። አምስት ቀን ሠርቶ ቤቱ የገባ ሠልጣኝ ምድጃና መስፍ ከሌለው በወሩ ይረሳዋል። ሠልጣኞቹ መሣሪያውን በጋራ የሚይዙበት፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙበት ቦታ ይዘጋጅ። ቀጥቃጩም ልጁን ብቻ ሳይሆን ከእነሱ አንድ ሁለቱን ረዳት አድርጎ የሚይዝበት ስምምነት ይኑር፤ ለጊዜውም ክፍያ ያግኝ። ሙያው ወደ ብዙ እጅ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችን እንለፍ። በቡድን የምታዳምጡ ተወያዩባቸው።

አንደኛ፦ አንድ መስቀል ቀልጦ የፈሰሰ፣ ከዝርግ የተቆረጠ ወይም የተቀጠቀጠ መሆኑን በምን ትለያላችሁ?

ሁለተኛ፦ መዳብና ባሌስትራ ግለው ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከሩ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለምን?

ሦስተኛ፦ የሰሙ ክብደት 35 ግራም ከሆነ ምን ያህል ናስ ያስፈልጋል?

አራተኛ፦ በአካባቢያችሁ የብረት ሙያ የያዘ ሰው ማን ነው? ከእሱ ማን እየተማረ ነው?

የሦስተኛው መልስ 315 ግራም ነው፤ ለመግቢያው የሚጨመረውን ሳይቆጥር። የአራተኛውን መልስ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። የቤት ሥራችሁም ከእሱ ይጀምራል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ቀጥቃጩ ሂዱ። ሥራውን አክብራችሁ ሰላምታ ስጡ፤ አንድ ዕቃ ግዙ፤ ከፈቀደላችሁም ወናፉን ይዛችሁ እርዱት። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ሥልጠና ብናዘጋጅ ያስተምሩናል? እሺ ካለ ቀኑንና ክፍያውን አብራችሁ ቁረጡ፤ ሠልጣኞችን መመዝገብ የምትጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው።

  

(የመዝጊያ ሙዚቃ)